እጃችሁን ውሃው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚኖር ዓሣ በገንዳው ዕቃ ስለሚጎዳበት አጋጣሚ ነው። ጠዋት ተነስታችሁ ስታዩ ዓሣው ውሃውን የሚያጣራው የፊልተሩ መምጠጫ ላይ ተለጥፏል፤ ወይም ውሃውን ከሚያሞቀው ከሂተሩ ጀርባ ተወሽቆ አድሮ አንድ ጎኑ ነጥቷል። ሰው ይደነግጣል፣ እጁን ይከታል፣ ዓሣውን ይጎትታል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳስበው፣ ከጉዳቱ ይልቅ ብዙ ዓሣ የሚጨርሰው ከጉዳቱ በኋላ ያለው ችኮላ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሶኬት ይነቀል። ፊልተሩም፣ ሂተሩም፣ መብራቱም፣ ሁሉም። የሂተር መስታወት ተሰንጥቆ ከሆነ ውሃው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ሶኬቱ ረጥቦ ከሆነ ደግሞ እሱንም አትንኩት፤ ብሬከሩን አጥፉ።

ፊልተሩ ሲቆም መሳቡም ይቆማል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዓሣው በራሱ ይላቀቃል። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁት። ክንፉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከተያዘ የቱቦውን ጫፍ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ ፍቱና ክንፉን በገባበት በኩል መልሳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። የዓሣ ክንፍ እንደ ጃንጥላ ነው፤ ዘንጎች አሉት፣ በዘንጎቹ መሃል ስስ ሽፋን ተወጥሯል። ሽፋኑ ቢቀደድ ይተካል። ዘንጉ ከሥሩ ከተነቀለ ግን ላይመለስ ይችላል። መጎተትን የምፈራው ለዚህ ነው።

መረብም አልወድም። የተጎዳ ዓሣ በመረብ ሲወጣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ገላውን የሚሸፍነው የሚያሟልጭ ነገርም ይፋቃል። ያ ሽፋን ደግሞ የጀርም መከላከያው ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውሃው ውስጥ አስገቡና ዓሣውን ከነውሃው ቅዱት። መንካት ግድ ከሆነም በእርጥብ እጅ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጤነኛ፣ አድጎ የጨረሰ ዓሣ ተራ ፊልተር ጎትቶ አያስቀረውም፤ ዋኝቶ ያመልጣል። ጫጩት ከሆነ ወይም ቤታ እንደሚባለው የዓሣ ዓይነት ረጅም ክንፍ ካለው ነገሩ ሌላ ነው። ካልሆነ ግን ዓሣው ከመለጠፉ በፊትም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁስሉን ከማከማችሁ በፊት ውሃውን መርምሩ። አሞኒያም ናይትራይትም፣ ማለትም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡትና የፊልተሩ ባክቴሪያ የሚያጠፋቸው መርዞች፣ 0 መሆን አለባቸው። ከዚያ ካለፉ የገንዳውን ውሃ ሩቡን ወይም ሲሶውን ቀይሩ፤ የምትጨምሩት ውሃ ክሎሪኑ በማስወገጃ የጠፋ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ በላይ ያልራቀ ይሁን።

ለብቻው ይውጣ ወይስ እዚያው ይቆይ? እየዋኘ ከሆነና ሌሎቹ ቁስሉን የማይነክሱት ከሆነ እዚያው ይቆይ፤ ማዛወርም ራሱ ጭንቀት ነው። የሚያሳድዱት ከሆነ 20 ሊትር ያህል የምትይዝ ባዶ ገንዳ በቂ ናት። ጠጠር አያስፈልግም፣ መብራት አያስፈልግም። የሚደበቅበት ነገርና በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ይኑር፤ ስፖንጁ ከዋናው ገንዳ የመጣ፣ ባክቴሪያው ያደገበት ይሁን። አዲስ ስፖንጅ ብቻውን አሞኒያ አያጠፋም፤ ያኔ በየቀኑ ሩቡን ውሃ መቀየር የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ጨው። በጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖር ዓሣ ገላው ከውሃው ይልቅ ጨዋማ ነው። ቆዳው ሲቆስል ውሃ በቁስሉ እየሰረገ ይገባል፣ ጨው ይወጣል፤ ዓሣው ያንን ውሃ ለማስወጣት ጉልበቱን ይጨርሳል። ጨው የምንጨምረው ያንን ሸክም ለማቅለል ነው። በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም ይበቃል፤ 20 ሊትር ከሆነ ከ20 እስከ 40 ግራም ማለት ነው። ምንም ያልተጨመረበት ጨው ይሁን፣ በሚዛን ይመዘን፣ በሌላ ዕቃ ተበጥብጦ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይግባ። ጨው አይተንም። 5 ሊትር ስትቀይሩ የምትመልሱት የ5 ሊትሩን ድርሻ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና በሳምንቱ ጨውን እጥፍ ያደርገዋል። ኮሪዶራስ የሚባለው የገንዳ ወለል ዓሣ ጨው ብዙም አይችልም፣ ቀንድ አውጣና ተክልም እንደዚያው፤ ለእነሱ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሻላል።

የሂተር ቃጠሎ መጀመሪያ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው፣ ከዚያ ይቀላል፣ ቆዳው ሊላጥም ይችላል። አያያዙ ከላይ ካልኩት አይለይም። ሂተሩ ራሱ ተበላሽቶ ውሃውን አሙቆት ከሆነ ግን በረዶ እንዳትጥሉበት። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሊትሩ 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ። ስለዚህ ክዳኑን ክፈቱ፣ አየር ጨምሩ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይውረድ።

በመጀመሪያው ቀን ምግብ አትስጡ። ከዚያ በኋላ በጥቂቱ። ቁስሉን በየቀኑ እዩት። በተቀደደው ክንፍ ጫፍ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርዝ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ አዲስ ክንፍ ነው። ፈንገስ መስሏቸው መድኃኒት የሚያፈሱበት አሉ። ፈንገስ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ነው የሚታየው። ጠፍጣፋ፣ ግራጫማ ሆኖ በፍጥነት የሚሰፋው ደግሞ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ለዚያ የዓሣ ሐኪም ወይም ትክክለኛው መድኃኒት ያስፈልጋል። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚጨመር መድኃኒት ግን አልደግፍም። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ የፈንገስ መድኃኒት ለምሳሌ የፊልተሩን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ዓሣውን ከፈንገስ አዳንን ስንል አሞኒያ እናጠጣዋለን።

ለወደፊቱ መምጠጫው ላይ ሻካራ ስፖንጅ አልብሱ፣ በየሳምንቱም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡት፤ ካልታጠበ ፊልተሩን ያንቃል። ሂተሩን የፕላስቲክ መከለያ አልብሱት። ውሃ ልትቀይሩ ስትሉ ከ15 ደቂቃ በፊት ንቀሉት፤ በጋለበት ከውሃ ከወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቅድም የነቀላችሁት የፊልተር ሶኬት አለ አይደል? ዓሣው እንደተላቀቀ፣ ስፖንጁን እንዳለበሳችሁ፣ መልሳችሁ ሰኩት። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት በሚያልፈው ውሃ ነው። ለረጅም ሰዓት ቆሞ የቆየ ዝግ ፊልተር፣ ማለትም ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ባለ ክዳን ፊልተር፣ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የከረመውን ውሃ ሳትደፉ እንዳታስነሱት።