የማርሽ ዘንግ ሲያጥር እጅ የሚከፍለው ዋጋ

ዮናስ፦ ሰላም አድማጮቻችን። ዛሬ የምናነሣው ሾርት ሺፍተር የሚባለውን፣ ማለትም በማኑዋል መኪና ላይ ማርሽ ለመቀየር እጃችን የሚሄደውን ርቀት የሚያሳጥረውን ዕቃ ነው። ሰናይት፣ ይህን ያስገጠመ ሰው ሁሉ መኪናው ፈጣን የሆነ ይመስለዋል፤ ከዚህ እንጀምር።

ሰናይት፦ መኪናው አይፈጥንም። የሞተሩ ጉልበትም ሆነ የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ጥርሶች ባሉበት ናቸው፤ የሚለወጠው የዘንጉ አቀማመጥ ብቻ ነው። የማርሽ ዘንግ በኳስ ላይ ተደግፎ የሚወዛወዝ ማንሻ ነው። ከኳሱ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከኳሱ በታች ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ የታችኛው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር እንዲገፋ እጃችን 5 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። የታችኛውን ክፍል ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ብናስረዝመው ግን የእጃችን ጉዞ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ዮናስ፦ 20 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በነፃ ግን አይመስለኝም።

ሰናይት፦ በፍጹም። ያንኑ ግፊት ወደ ካምቢዮው ለማድረስ እጃችን 25 በመቶ የበለጠ መግፋት ይኖርበታል። የጭነት መኪና ዘንግ እንዲያ የሚረዝመው አለምክንያት አይደለም።

ዮናስ፦ ብዙዎች ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ማርሹ «ይይዛል» ይላሉ፤ በተለይ ጠዋት፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ።

ሰናይት፦ የሚይዘው ሲንክሮናይዘሩ ነው። ማርሽ ስንገፋ አንድ የነሐስ ቀለበት በማርሹ ሾጣጣ ገጽ ላይ ይጫንና በሰበቃ የሁለቱን ፍጥነት ያስተካክላል፤ ፍጥነታቸው እስኪመሳሰል ድረስም የቀለበቱ ጥርሶች መንገዱን ዘግተው ይቆያሉ። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ የካምቢዮው ዘይት ቀዝቅዞ ሲወፍር ደግሞ የበለጠ ይቆያል። ሾርት ሺፍተር የእጅን መንገድ እንጂ የቀለበቱን ጊዜ አያሳጥርም፤ ስለዚህ እጃችን ቀድሞ ይደርስና በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መጠበቁን ትቶ በኃይል የሚገፋ ሹፌር ቀለበቱን ይበላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማርሹ እየተፋጨ ነው የሚገባው።

ዮናስ፦ ዕቃው በሁሉም መኪና ላይ አንድ ዓይነት ነው?

ሰናይት፦ አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣችው ማዝዳ ሚያታ ላይ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል፤ አጭርና ጥርት ያለ ማርሿ የተወደደውም በከፊል ለዚህ ነው። የፊት እግር በሚጎትታቸው አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ግን ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ እንቅስቃሴው በሁለት ኬብሎች ይተላለፋል፤ አንዱ የፊትና የኋላውን፣ ሌላው የግራና የቀኙን። የሚሸጡት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳጥሩት የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱም ሲያጥሩ እኔ እፈራለሁ፤ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ የሚቸኩል እጅ ሁለተኛ ላይ ቢያርፍ፣ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ስለሚሆን ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይዞር የሚጠብቀው የዙር መገደቢያ ሊያድነው አይችልም።

ዮናስ፦ ዘንጉን ከላይ መቁረጥስ? ርካሽ ነው።

ሰናይት፦ የእጅ ጉዞ ያሳጥራል፤ ግን እሱም በጉልበት ያስከፍላል፣ እጀታውንም ከመሪው ያርቀዋል። ከባድ እጀታ መግጠም ደግሞ ርቀቱን አይነካም፤ ክብደቱ እጃችንን ስለሚያግዝ ግን ያ የመያዝ ስሜት ይለዝባል።

ዮናስ፦ አንድ አድማጭ የአሮጌ መኪናው ማርሽ «እንደ ማንኪያ በሽሮ ውስጥ» እንደሚዋልል ነግሮኛል። ሾርት ሺፍተር ይግዛ?

ሰናይት፦ አይግዛ፤ የእሱ ችግር ያለቀ ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማቀፊያ፣ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሽ ያስገባና ዘንጉን በሁለት ጣት ወደ ጎንና ወደ ፊት ያወዛውዘው። ዘንጉ ምንም ሳይቃወመው የሚሄድ ከሆነ፣ በኬብሎቹ ጫፍና በዘንጉ ሥር ያሉትን ጎሚኒዎችና የፕላስቲክ ቡሾች (ማቀፊያ ቀለበቶች) ማስቀየር አለበት። ሚያታ ላይ ደግሞ የዘንጉ መቀመጫ ከካምቢዮው የተለየ የራሱ ዘይት ስላለው፣ የታችኛው የናይሎን ቡሽ ሲቀየር እሱም አብሮ ይሞላል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደም የጉዞ ጫጫታና ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባልና ያኔውኑ ይለወጥ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉዞው አሁንም ረዘመብኝ ካለ፣ ያን ጊዜ ዕቃውን ይግዛ፤ ሻጩንም በመጀመሪያ የሚጠይቀው የግራና የቀኙንም ያሳጥር እንደሆነ ነው።