ኖት፦ በገመድ ላይ የተቆጠረ ፍጥነት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው አንድ ቃል ነው፤ ኖት። ብዙዎቻችን ስንሰማው የብር ኖት ወይም የሙዚቃ ኖት ይመጣብናል። የመርከበኞቹ ኖት ግን ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ፍቺውም ቋጠሮ ነው፤ ያው ገመድ ላይ የምንቋጥረው ቋጠሮ። መርከበኞች በእርግጥም ቋጠሮ ይቆጥሩ ነበር።

በሸራ መርከብ ዘመን ከመርከቡ ኋላ ብዙ ጊዜ ሦስት ሰው ይቆማል። አንዱ ገመድ የተጠቀለለበትን እንጨት ይይዛል፣ አንዱ የአሸዋ ሰዓት፣ ሦስተኛው ይወረውራል፣ ይቆጥራል። የሚወረወረው የክብ ሩብ የሚመስል ስስ ሳንቃ ነው። ክቡ ጠርዝ ላይ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ተሰክቶበታል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆምና ባለበት ይቀራል፤ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። መጀመሪያ የሚለቀቀው ገመድ አይቆጠርም፤ ሳንቃው መርከቡ ካናወጠው ውኃ እስኪወጣ ነው። መጨረሻው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። ጨርቁ እጅ ላይ ሲደርስ «ገልብጥ!» ይባላል፤ አሸዋው መፍሰስ ይጀምራል። ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ በጣት መሀል ያልፋሉ። አሸዋው ሲያልቅ ገመዱ ይያዛል። ሰባት ቋጠሮ ካለፈ ፍጥነቱ 7 ኖት ነው።

ሳንቃውን ከያዙት ሦስት ክሮች አንዱ የተሰካው በእንጨት ውታፍ ብቻ ነው። ገመዱ ሲነጠቅ ውታፉ ይነቀላል፣ ሳንቃው ይጋደማል፣ በቀላሉ ይሳባል። እንደቆመ ቢጎተት ኖሮ ገመዱን ሊበጥስ ይችላል።

አሁን ወደ ልኩ። 1 ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ነው። የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው፤ ከኬክሮስ አንድ ደቂቃ፣ ማለትም ከዲግሪው አንድ ስልሳኛ፣ ጋር ይቀራረባል። ለ3600 ሰከንድ አካፍሉት፣ በአሸዋው 28 ሰከንድ አባዙት፤ 14.4 ሜትር ይመጣል። በሁለት ቋጠሮ መሀል ያለው ርቀት ይኼው ነው፤ በእነሱ አለካክ 47 ጫማ ከ3 ኢንች። ሒሳቡ አስቀድሞ ገመዱ ላይ ስለታሰረ በጨለማ ማዕበል ውስጥ የቆመው ሰው መቁጠር ብቻ ይበቃዋል።

እዚህ ልክ ላይ ለመድረስ ጊዜ ወስዷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1574 ገልጾታል። ማይሉ 5000 ጫማ ነው ይባል ስለነበር ቋጠሮው በ42 ጫማ፣ አሸዋው በ30 ሰከንድ ይሠራ ነበር። ሪቻርድ ኖርዉድ ከለንደን እስከ ዮርክ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ሥራ ማይሉ ከ6000 ጫማ እንደሚበልጥ አሳየ። ብዙ መርከበኞች ግን አጭሩን ቋጠሮ ቶሎ አልተዉም፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ቋጠሮው ሲያጥር ፍጥነቱ ተጋኖ ይነበባል፣ የብስ ሳይደረስ ጥበቃ ይጀመራል። አሳንሶ ማንበብ ግን ገና ሩቅ ነው የተባለ ዐለት ላይ ያወጣል።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣም ያውቁ ነበር። አሸዋው እርጥበት ከሳበ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ቁጥሩ ይበዛል። ቀዳዳው በአሸዋው ተበልቶ ከሰፋ ቁጥሩ ያንሳል። ገመዱ ተለጥጦ ከረዘመም እንዲሁ ያንሳል፤ ስለዚህ አርሰውት፣ መርከቡ ወለል ላይ በተመቱ ምስማሮች መሀል ዘርግተው ደግመው ይለኩታል።

ዛሬም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የነፋስ ፍጥነት ለአብራሪዎች የሚነገረው በኖት ነው። «በሰዓት 10 ኖት» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ሰዓቱ ቋጠሮው ውስጥ አለ። 10 ኖት ብሎ ማቆም ነው።