ከከፍተኛ 9 እስከ አትላንታ፦ ስለ ቀልቤሳ ነገዎ ለሕግ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፤

ቀይ ሽብር ሲነሣ ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ወደ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው። ይገባዋል። ነገር ግን በሌሊት በር ያንኳኳው፣ ስም ጠርቶ ልጅ ከእናት ጉያ የነጠቀው መንግሥቱ አልነበረም፤ የሰፈር ሹም ነበር። ዛሬ የምናገረው ከእነዚያ ሹሞች ስለ አንዱ፣ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ስለነበረው ስለ ቀልቤሳ ነገዎ ነው።

ሹመቱ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ አስቡት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ወለደ፤ ከቀበሌዎቹ በላይ ከፍተኛ ተቀመጠ። ቀበሌ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ከ100 ብር በታች የሆነ የቤት ኪራይ መሰብሰብና የጎረቤት ክርክር መዳኘት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ ኢሕአፓን ለመደምሰስ ሲነሣ ለእነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች ጠመንጃ አደለ፤ በላዩም «ነፃ እርምጃ» የተባለውን ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ ጨመረበት። የኪራይ ደረሰኝ የሚቆረጥበት ግቢ እስር ቤትም መግረፊያም ሆነ። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ይግባኝ የለም። ሊቀ መንበሩ መርማሪም ፈራጅም ነበር።

በቀልቤሳ ግቢ የታሰሩ ሴቶች በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቆመው የደረሰባቸውን ተናግረዋል። ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ታዘዙ፤ እጅና እግራቸው ታስሮ በሽቦ ተገረፉ፤ ቀልቤሳም በምርመራው ላይ ነበረ። ፍርድ ቤቱ ቃላቸውን አምኖ ተቀበለ። ከዚህ በላይ ዝርዝር አልጨምርም፤ መዝገቡ አለ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ክፍት ነው።

ቀልቤሳ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ገባ፤ በአትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ ኢትዮጵያዊት አየችው፤ አወቀችው። ካስገረፋቸው አንዷ ነበረች። እርስዋና ሁለት ሌሎች ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ክስ መሠረቱ። ደርግ ያን ጊዜ ገና አልወደቀም፤ ዘመዶቻቸው አዲስ አበባ ነበሩ። ድፍረት ማለት ይህ ነው።

የተጠቀሙበት ሕግ እ.ኤ.አ. የ1789 ነው፤ የውጭ አገር ዜጋ የዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሶ ሲበደል በአሜሪካ ፍርድ ቤት ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቀልቤሳ ያለ ጠበቃ ራሱን ወክሎ ቀረበ፤ አላደረግሁም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ተፈረደበት፤ ለእያንዳንዷ 500,000 ዶላር እንዲከፍል። በይግባኝም፣ ነገሩ ፖለቲካ ነውና ፍርድ ቤት ሊያየው አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህም ውድቅ ሆነ። ከሻንጣ ተሸካሚ ደመወዝ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሴቶቹም ገንዘብ ፍለጋ አልሄዱም።

አሁን ጉዱን ስሙ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ፣ ይግባኙ ገና ሳይቋጭ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ መንግሥት ለቀልቤሳ ዜግነት ሰጠው! አንዱ እጅ የጻፈውን ሌላው እጅ አላነበበም። ዜግነቱን ለማስለቀቅ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ ጊዜ ወሰደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ውስጥ አሠቃዮችን ከአገር ለማስወጣት የሚያስችል አዲስ ድንጋጌ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በዚህ ድንጋጌ ከተያዙት የመጀመሪያው እርሱ ሆነ።

በዚህ መካከል የእኛ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ከአሜሪካ ተባርሮ ለኢትዮጵያ ተላልፎ ሲሰጥ የጠበቀው ይህ ፍርድ ነበር። መንግሥቱ ራሱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

እንግዲህ እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ተጎጂዎቹ ፊት ለፊት የተፋጠጡት፣ ጥያቄ የቀረበለትና የመለሰበት ችሎት ሊያስረው ሥልጣን አልነበረውም፤ የያዘው የፍትሐ ብሔር ክርክር ነበርና። ሊያስረው የሚችለው ችሎት ደግሞ ሲፈርድበት ፊቱን አላየም። ሁለት ግማሽ ፍርዶች ናቸው፤ አንዱ ሰሚ፣ አንዱ ቀጪ። በሌለበት መፈረዱ ስህተት ነበር አልልም፤ ካልተፈረደ ምስክሮቹ ያረጁ፣ ይሞቱም ነበር።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ፣ መጥሪያ አልደረሰኝም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አግዶኛል ብሎ እንዲነሣለት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ልብ በሉ፣ መብቱ የተፈረደበት ሰው ብቻ ነው። ዝም ብሎ ወደ ወህኒ መግባት ከመረጠ ማንም አያስገድደውም። ለእንዲህ ያለ ወንጀል ግን፣ ተላልፎ የተሰጠ ሰው በግድ በችሎት ቆሞ ምስክሮቹን እንዲሰማ የሚያዝ ድንጋጌ ያስፈልገን ነበር፤ አሁንም ያስፈልገናል። ለእርሱ አዝኜ አይደለም። በአዲስ አበባ ቀርተው የመሰከሩት ቤተሰቦች «ልጄን የት ጣልኸው?» ብለው የሚጠይቁት ሰው ወንበሩ ላይ እንዲኖር ነው።