አራት ብሮውዘር፣ አንድ ሞተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስልካችንን ያጨናነቀው የብሮውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጽ የምንከፍትበት መተግበሪያ ጉዳይ ነው። የተወሰኑትን እንይ።

ከአዳማ የደወለ አድማጭ፦ «ላፕቶፔ ላይ ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና ብሬቭ ጭኛለሁ። ፈጣኑ የቱ ነው?»

ወንድሜ፣ ስማቸው አራት ነው እንጂ ሞተራቸው አንድ ነው። ኮዱን አንብቦ ገጹን ስክሪንህ ላይ የሚስለው ክፍል ብሊንክ ይባላል። አራቱም የሚሄዱት በእሱ ነው። ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱን ትቶ ወደዚህ ዞረ፤ ኤጅ በ2020 ተከተለ። ስለዚህ ገጽ በመክፈት ያን ያህል አይበላለጡም። ብሬቭ ቀልጠፍ ካለብህ ማስታወቂያ ስለሚያግድ ነው። የምር ሌላ ሞተር ካሰኘህ ፋየርፎክስ አለልህ፤ የእሱ ጌኮ ነው። እኔ የምወደው አንድሮይድ ስልክ ላይም የማስታወቂያ ማገጃ ስለሚቀበል ነው። ያልወረደ ማስታወቂያ ፓኬጅ አይበላም።

ከደሴ የደወለች እህት፦ «በኦፔራ ሚኒ ፎርም ሞልቼ ‹ቀጥል› የሚለውን ስጫን ዝም ይላል። ስልኬ ነው የተበላሸው?»

ስልክሽ ደህና ነው። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ሲቆጥብ ገጹን መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይከፍተዋል። እዚያ ተሰናድቶና ተጨምቆ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው። ኮኔክሽን ሲደክም ለዜና ማንበቢያ ወደር የለውም። የዛሬ ፎርም ግን የሚንቀሳቀሰው ቁልፎቹን በሚያሠራው ኮድ፣ በጃቫስክሪፕት ነው፤ እሱ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ይቆማል። አንቺ ዘንድ የሚደርሰው የበሩ ፎቶ ነው ማለት ይቻላል። ፎቶ ቢያንኳኩት አይከፍትም። ሴቲንግ ገብተሽ የዳታ ቁጠባውን አጥፊና ድገሚው፤ ወይም ፎርሙን በክሮም ሙዪው።

ከባሕር ዳር፣ ዌብሳይት የሚሠራ ወጣት፦ «ኮምፒውተሬ ላይ ያማረው ገጼ ደንበኛዬ አይፎን ላይ የታችኛውን ቁልፍ ይደብቃል። ክሮም ጫን ብለው ያው ነው። ብሮውዘሮች ሁሉ ይከተሉታል የተባለው የጋራ ደንብ፣ ስታንዳርድ የሚባለው የት ገባ?»

ያው መሆኑ አይግረምህ። አይፎን ላይ ክሮምም ውስጡ የአፕል ብሮውዘር የሳፋሪ ሞተር፣ ዌብኪት ነው፤ የአፕል ደንብ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሕግ አስገድዶት በ2024 ሌላ ሞተር ቢፈቅድም፣ እኛ ጋ አልደረሰም።

ቁልፍህን በተመለከተ፣ የገጹን ቁመት 100 ቪኤች (100vh)፣ ማለትም ሙሉ የስክሪን ቁመት ብለህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ስልክ ላይ ይህ ልክ የአድራሻው መስመር እንደሌለ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። መስመሩ ሲመጣ የገጹ ታች ከስክሪኑ ይወጣል። መስመሩ ሲመጣና ሲሄድ አብሮ በሚለዋወጠው ልክ፣ 100 ዲቪኤች (100dvh) ብለህ ቀይረው፤ ሳፋሪ ከ15.4 ጀምሮ ያውቀዋል። ለቆዩ ስልኮች የድሮውን የ100 ቪኤች ኮድ ከአዲሱ በላይ ተውለት።

ስታንዳርዱስ? አለ፤ እንዲያውም ዛሬ ተመስገን ነው። በ2008 ብሮውዘሮች ስታንዳርዱን ምን ያህል እንደሚያከብሩ የሚለካ አሲድ 3 የሚባል ፈተና ወጥቶ ነበር፤ ከ100 ነው የሚታረመው። በዓመቱ የመጣው የማይክሮሶፍት የድሮ ብሮውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ስንት አገኘ? 20። ያኔ አንድን ገጽ ሁለት ጊዜ እንደመሥራት ነበር። ከ2022 ወዲህ አፕል፣ ጎግል፣ ማይክሮሶፍትና የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ኢንተሮፕ በሚባል የጋራ ፈተና በየዓመቱ ይለካካሉ።

የመጨረሻዋ ከጎንደር፦ «የድሮ ኮምፒውተሬ አማርኛውን ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል። ብሮውዘር ልቀይር?»

አይ እናቴ፣ የጎደለው የግዕዝ ፎንት፣ ማለትም ፊደሎቹን የሚስለው ፋይል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርደው ይጫኑና ብሮውዘሩን ዘግተው ይክፈቱት።