ነቀዝ የማይበላው እንጀራ

የተከበራችሁ የሙዚየም ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ሥራዬ ለሙዚየም ማሳያ የሚሆን የማይበላ ምግብ መሥራት ነው። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሲሰሙ «ታዲያ ለዚህ ማን ይከፍልሻል?» ነው ያሉኝ።

የሚከፍለኝ ነቀዝ ነው ብል ከእውነት አልርቅም። መሶብ ባዶውን ለእይታ ሲቀርብ ያው ስፌት ነው። እውነተኛ እንጀራ ቢገባበት ደግሞ ቀናት ሳይቆይ ይሻግታል። አድርቀን እናስቀምጠው እንዳትሉ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቡናማ የዳቦ ነቀዝ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ራሱ ዳቦን ይጠራል። ዳቦ ብቻ በልታም አትቆምም፤ በርበሬ ትበላለች፣ የመጽሐፍ ጥራዝም ትበላለች። ለአንድ ድርቆሽ ብላችሁ ከጎኑ ያለውን የመጻሕፍት ክፍል አታስወርሩ።

ጥበቡን ወደ ንግድ ካሳደጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ የጉጆ ሐቺማን ተወላጅ የሆነው ጃፓናዊው ኢዋሳኪ ታኪዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሳካ ውስጥ ከሰም የተሠራ ምግብ ለምግብ ቤት መስኮት ማቅረብ ጀመረ። በትውልድ ከተማው ዛሬም ጥቅል ሰላጣ ሲሠሩ ማየት ይቻላል። የቀለጠ ነጭና አረንጓዴ ሰም ለብ ያለ ውሃ ላይ ያፈሳሉ፤ ጠርዙን ይዘው ወደ ውሃው ውስጥ ሲስቡት እንደ ነጠላ ይሳሳል፤ ያንን ይጠቀልሉታል። በቢላ ለሁለት ሲሰነጥቁት ውስጡ ቅጠል በቅጠል ነው! ሰም ግን ሙቀት አይችልም፣ ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ኋላ ወደ ፕላስቲክ ዞረ።

የእኔ ፈተና እንጀራ ነበር። የመጀመሪያውን ስሠራ ዓይኑን በመርፌ አንድ በአንድ ወጋሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችውና «ይሄማ ወንፊት ነው» አለች። በማግስቱ ትኩስ እንጀራ አምጥቼ ጄሶ አፈሰስኩበት። እንጀራው የጄሶውን ውሃ ጠጥቶ ላሸቀ፣ ዓይኑ ሁሉ ተደፈነ። ሦስተኛው በሲሊኮን፣ ፈስሶ እንደ ጎማ በሚረጋ ነገር፣ የተወሰደ ቅርጽ ነበር፤ ዓይኑም ወጣ። እናቴ ግን አሁንም አልረካችም፤ «ምጣዱ ሳይግል ነው የተጋገረው» አለች። ያን ቀን የገዛሁት እንጀራ በእርግጥም እንደዚያ ነበር። ቅርጽ ማውጫው አይዋሽም፤ መጥፎ ጋጋሪ ከመረጣችሁ ጥፋቷን ሳያስቀር ይገለብጣል።

አሁን ራሴ እጋግራለሁ። ሊጡ ከጠርዝ ወደ መሃል እየዞረ ስለሚፈስ ዓይኑም ያንን ዙር ተከትሎ ይሰደራል፤ እሱን የሚያስተውል ጋግሮ የሚያውቅ ብቻ ነው። ወጡ ላይ ደግሞ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ ወጥ እንጀራ ላይ ሲያርፍ ዙሪያውን ያርሳል፣ ቀላ ያለ ጥላ ይተዋል። ያ ጠርዝ ካልተቀባ ወጡ ሳህን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ቅቤው ተንሳፍፎ የሚታየው በቀጭኑ የፈሰሰ ብርሃን አሳላፊ ሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ የሚጠጥር ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። እንጀራው ራሱ ግን እንዳያብረቀርቅ!

ስለምንሠራበት ዕቃ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከእርሳስ ወይም ከመዳብ ቅርስ ጋር አይቀመጥ፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል። ዕቃው ቅርስ ይጎዳ እንደሆነ ለመፈተሽ፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሳይንቲስት ኦዲ እ.ኤ.አ. በ1973 ባስተዋወቀው ዘዴ ዕቃውን ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጭ ጋር አሽጎ በ60 ዲግሪ ሙቀት ለ28 ቀን ማቆየት ይቻላል። ብረቱ ከጠቆረ ወይም ከዛገ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ወጣችሁ ከሣጥኑ ይውጣ።

ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት እንጀራ አለ። አንዱን ዛሬ ጠዋት ጋግሬዋለሁ፣ ሌላው የአራት ዓመት ነው። ቀረብ ብላችሁ ለዩልኝ። መንካት ክልክል ነው፤ ማሽተትም ማጭበርበር ነው።