መውጫው የት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ!

አስተዋዋቂያችን «የቴክኖሎጂ ባለሙያ» ብሎ ሲጠራኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈልጌ ነበር። ባለሙያ አይደለሁም። ዕቃ የምወድ ሰው ነኝ። ሰው እጅ ላይ አዲስ ስልክ ካየሁ ዓይኔ እዚያው ይቀራል። ክብደቱን በእጄ ካልመዘንኩ፣ ቁልፎቹን ካልነካካሁ፣ ሴቲንጉን እስከ ታች ካልጎረጎርኩ አላርፍም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አፕ የምትሠሩም ዲዛይን የምትማሩም ብዙ እንደሆናችሁ ነግረውኛል። እሰየው! የምናገረው በዋናነት ለእናንተ ነው። ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ብቻ ያዙልኝ።

አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። ካሜራው እንዴት ነው? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ፍጥነቱስ? እኔም እጠይቃለሁ። አሁን አሁን ግን ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መውጫው የት ነው? ጉዳዬን ስጨርስ ይለቀኛል ወይ? አጠገቤ ያለ ሰው ሲያናግረኝ ቶሎ ቀና ማለት እችላለሁ ወይ? ስለ መግቢያው ሲወራ ነው የምንውለው። በጣት አሻራ ይከፈታል፣ በፊት ይከፈታል፣ አንዴ ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል። ስለ መውጫው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ከምወደው ዕቃ ልጀምር። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው በ1979 ነው። ሰማያዊና ብርማ ቀለም ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ካሴት ማጫወቻ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሁለት የሚገርሙ ነገሮች አሉበት። አንደኛ፣ የሄድፎን መሰኪያው ሁለት ነው። ሁለት ሰው አንድ ካሴት አብሮ እንዲሰማ ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍ አለች። ጫን ስትሏት ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ ዕቃው ውስጥ ያለች ትንሽ ማይክ ትከፈታለች፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚለው በሄድፎኑ ይሰማችኋል። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው አኪዮ ሞሪታ፣ ሰው መሀል ተቀምጦ ለብቻ ሙዚቃ መስማት ነውር እንዳይመስል ሰግቶ ነበር።

ስጋቱ አልደረሰም። ሰው ሁሉ የየራሱን መያዝ ፈለገ፤ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ላይ ቁልፏ ቀረች። ገበያው አልፈለጋትም፣ እሺ። እኔ ግን ያቺን ቁልፍ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። አንድ ኩባንያ ዕቃውን ላልገዛው፣ ቤሳ ላልከፈለው፣ ገዢው አጠገብ ለተቀመጠው ሰው ቁልፍ ሠራለት! (ዛሬ ደህና ደህና ኢርፎኖች የውጭ ድምፅ የሚያስገቡበት ሞድ አላቸው። ሐሳቧ ዞራ ዞራ ተመልሳለች፤ ምናልባት በማስታወቂያው ላይ የሞሪታ ስም አልተነሳ ይሆናል።)

አሁን ደግሞ ወደ ጣታችን እንምጣ። ኮምፒውተር ያላችሁ ኪቦርዳችሁን ዳስሱት። «ኤፍ» እና «ጄ» የሚባሉት ፊደላት ላይ ትንሽ እብጠት አለች። በቁልፍ የሚሠሩ የድሮ ስልኮች ላይ ደግሞ 5 ቁጥር ላይ ታገኟታላችሁ። የእህል ፍሬ አታክልም። ሥራዋ ጣታችሁ የት እንዳለ ለጣታችሁ መንገር ነው፤ ዓይናችሁን አትጠይቅም። ለእኔ ዲዛይን ከተባለ ይሄ ነው።

የአይፎን ጎን ላይም እንደዚያ ያለች ነገር ነበረች። ከ2007ቱ ስልክ ጀምሮ ድምፅ የሚያጠፋና የሚያበራ ትንሽ ማንሸራተቻ ነበረው። ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ በአውራ ጣት ዳሰስ ካደረጋችሁ ጸጥ ማለቱን ታውቃላችሁ። ስብሰባ መሀል ስልክ ማውጣት የለም፣ ስክሪን ማብራት የለም። በ2023 በወጣው 15 ፕሮ ላይ እሷን አንስተው የሚጫን ቁልፍ አደረጉበት። አዲሱ ቁልፍ ብዙ ሙያ አለው፤ ካሜራ ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፣ የፈለጋችሁትን ታስተምሩታላችሁ። ስትዳስሱት ግን ስልኩ ጸጥ ማለት አለማለቱን አይነግራችሁም። ለማረጋገጥ ስልኩን ታወጣላችሁ። ስልኩን ካወጣችሁ ደግሞ ሦስት መልእክት ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው ላይ የላችሁም።

የኪስ ስልክ ነገር ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። መርከብ ላይስ? በ2017 ጆን ኤስ ማኬይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። 10 መርከበኞች ሞቱ። ምርመራው ብዙ ጥፋት ነው ያገኘው፣ የሥልጠና ጉድለትም አለበት። ከጥፋቶቹ አንዱ ግን መሪውና የፍጥነት መቆጣጠሪያው በተች ስክሪን መሠራቱ ነበር። ሠራተኞቹ መርከቧ ከየትኛው ስክሪን እንደምትታዘዝ ግራ ገባቸው። በ2019 ባሕር ኃይሉ ተች ስክሪኑን ትቶ በእጅ ወደሚገፋው መቆጣጠሪያ እንደሚመለስ አስታወቀ። መኪናም ላይ ነገሩ እየመጣ ነው። የመኪና ደኅንነት የሚመዝነው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ሕጉን ቀይሯል። ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ ዝናብ መጥረጊያው፣ የድንገተኛ መብራቱና የአደጋ ጥሪው በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ከሌላቸው ከፍተኛውን ነጥብ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ ተች ስክሪን ይጥፋ አልልም። ካርታ በቁልፍ ብቻ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ! ግን ስክሪን ሁልጊዜ ዓይን ይፈልጋል፤ ዓይን ከሰጣችሁት ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው።

ወደ ኦንላይኑ ልለፍ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው።

ድሮ ድረ ገጽ ታች ነበረው። አንብባችሁ ታች ስትደርሱ «ቀጣይ ገጽ» የምትል ነገር ትጫናላችሁ፤ ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ሰው «በቃኝ» የሚለው እዚያች ላይ ነበር። በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ያቺን ጥበቃ አስቀራት፤ ገጹ እየጨመረ እየጨመረ እንዲሄድ አደረገው። ክፉ አስቦ አልነበረም፣ ሰውን ከክሊክ ብዛት ሊያሳርፍ ነው። በኋላ ግን ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ከዚያ በ2009 ሎረን ብሪክተር የሚባል አፕ ሠሪ ትዊቲ በተባለው የትዊተር ማንበቢያ አፕ ላይ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ጎተት አድርጎ መልቀቅን አመጣ። ጎትታችሁ ስትለቁት አዲስ ነገር ይመጣል። ያምራል፣ እጅ ላይም ደስ ይላል። አሁን ግን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው፦ ወደ ታች ብትሄዱ አያልቅም፣ ወደ ላይ ብትመለሱ አዲስ አለ።

ኢንስታግራም በ2018 ደህና ነገር ሞክሮ ነበር። የተከተላችኋቸው ሰዎች የለጠፉትን አይታችሁ ስትጨርሱ «ሁሉንም አይተዋል» የሚል ምልክት ይመጣ ጀመር። እኔ አጨበጨብኩ። በቃ፣ አለቀ፣ ሂድ እንደማለት ነው። በ2020 ከዚያው ምልክት ሥር የማታውቋቸው ሰዎች ፖስቶች መምጣት ጀመሩ። ምልክቱ አለ፣ መንገዱ ግን ቀጥሏል።

የዋትሳፕ ሰማያዊ ምልክትም አለላችሁ፤ በ2014 የመጣው። መልእክቱን አንብባችሁ ዝም ካላችሁ ዝም ማለታችሁ ይታያል። ስንት ጓደኛሞች ተቀያይመውበታል! ሰው ሲያማርር ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያ ተጨመረበት፤ ግን እንደበራ ነው የሚመጣው፣ ማጥፋት ለፈለገ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሴቲንግ አይነካም። እንደመጣለት ይጠቀማል።

ትልቁን ላምጣላችሁ። ፌደራል ትሬድ ኮሚሽን የሚባለው፣ ለሸማቹ የሚቆመው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በ2023 አማዞንን ከሰሰ። ክሱ፣ ሰው ሳያስበው ፕራይም የሚባለው በየጊዜው የሚከፈልበት አገልግሎት አባል ይሆናል፣ መሰረዝ ሲፈልግ ግን ከገጽ ወደ ገጽ ይንከራተታል የሚል ነው። በክሱ ላይ እንደተጻፈው ኩባንያው ራሱ ለመሰረዣው መንገድ የአንድ ረጅም የጥንት ግሪክ የጦርነት ግጥም ስም አውጥቶለት ነበር። እንግዳው ኮቱን አንስቶ ቆሞ ሳለ «ቆይ እንጂ፣ ትንሽ ብቻ» እያለ በሩን የሚደገፍ ጋባዥ ታውቃላችሁ? እሱን ነው። በ2025 አማዞን ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መውጫ መደበቅ ዋጋ እንዳለው ያኔ በቁጥር ታየ።

«ራስህን ግዛ፣ ስልኩ ምን አደረገ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት አለው። ማንም እጄን ይዞ ስክሮል አላስደረገኝም። ግን እስቲ አስቡት፦ ከዚያኛው ወገን ብዙ ጎበዝ ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው እኔ እንዳልወጣ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ከዚህኛው ወገን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ማታ ደክሞኝ። ይሄ ፍልሚያ እኩል አይደለም።

አፕ ለምትሠሩት ጥያቄ አለኝ፣ ትልቅ ነገር አይደለም። አካውንት መዝጊያውን አካውንት መክፈቻው ያለበት ቦታ አድርጉት። አዲስ ነገር ከሌለ «የለም» በሉ። ኖቲፊኬሽን ሲመጣ ሴቲንግ ሳልነካ ከሰው የመጣውን ብቻ አሳዩኝ፤ «ከተለየኸን ቆየህ» የሚለውን የማሽን ናፍቆት ተዉት። ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ አይጀምር፤ የፈለገ ሰው ይጫነዋል።

አንዳንዶቻችሁ «አለቃዬ የሚቆጥረው ሰው አፑ ላይ የቆየበትን ደቂቃ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ሰው በቆየ ቁጥር የሚያየው ማስታወቂያ ይበዛል። ለአለቃችሁ ሌላ የሚቆጠር ነገር ስጡት። ምንም ኖቲፊኬሽን ሳይላክለት በሚቀጥለው ሳምንት በራሱ ፈቃድ የተመለሰ ሰው ስንት ነው? ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ገቢውን እንደሚያቆይለት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አሳዩት። አፑን የሠራው ሰው ያንን ቁጥር ካላወጣው ሌላ ማንም አያወጣውም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ መተላለፊያው ላይ ነው፤ መውጫው የሚታይ አፕ ሠርቶ ያመጣ ካለም ልየው፣ ስልኬን እዚሁ ይዤዋለሁ።