«ኖ ኦፒ» ብለን ከመጻፋችን በፊት

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣

እንደምን አደራችሁ።

በየቀኑ በሰገራ ምርመራ ወረቀት ላይ እንደ ማኅተም የምናሳርፈው ሐረግ አለ፦ «ኖ ኦፒ»። እንቁላልም ጥገኛ ተሕዋስም አልታየም ማለት ነው። «አልታየም» ይላል እንጂ «የለም» አይልም። ወረቀቱን የሚቀበለው ሐኪም ግን «የለም» ብሎ ያነበዋል። እናትም ልጇን አዝላ «ከትል ነጻ ነው ተባልኩ» ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዛሬ የምንነጋገረው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ስላለው ርቀት ነው። ርቀቱን የሚያሰፋውም የሚያጠበውም የእኛ እጅ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ለቀጥታ ምርመራ፣ ዌት ማውንት ለምንለው፣ በአፕሊኬተር ጫፍ የምናነሳው ሰገራ 2 ሚሊግራም ያህል ነው። አንድ ሰው በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ 100 የሁክዎርም (የመንጠቆ ትል) እንቁላል አለው እንበል። 2 ሚሊግራሙ ላይ በአማካይ የሚደርሰው 0.2 እንቁላል ነው። ስለዚህ ከዚያ ሰው ሰገራ 5 ስላይድ ብንሠራ በ4ቱ ምንም አይታይም። ባለሙያው ጎበዝ ቢሆንም፣ ማይክሮስኮፑ አዲስ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው፤ እንቁላሉ ስላይዱ ላይ የለማ! ይህን ሒሳብ ያሰበ ሰው «ኖ ኦፒ» ሲጽፍ እጁ ትንሽ ያዝ ይላል።

ይህ ማለት ግን ቀጥታ ምርመራ ይቅር ማለት አይደለም። የሚንቀሳቀስ ትሮፎዞይት (ንቁ የሆነውን የተሕዋሱን መልክ) በሕይወት የምናይበት መንገድ እሱ ብቻ ነው፤ በደንብ ይሠራ ነው የምንለው። ሳላይኑ 0.85 በመቶ ይሁን፦ 8.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ። ተራ ውሃ ከተጠቀማችሁ ትሮፎዞይቱ ውሃ መጥጦ ይፈነዳል። በስላይዱ አንድ ጫፍ ሳላይን፣ በሌላው ጫፍ ሉጎልስ አዮዲን ጠብ አድርጉና ሰገራውን መጀመሪያ ሳላይኑ ውስጥ አሹ። አዮዲኑ ትሮፎዞይቱን ስለሚገድለው አዮዲን በነካ እንጨት ወደ ሳላይኑ መመለስ አይገባም። ውፍረቱ የሚለካው በጋዜጣ ነው፦ ስላይዱን ጽሑፍ ላይ ስታስቀምጡት ፊደሉ ደብዘዝ ብሎ ይነበብ። ካልተነበበ ወፍሯል፤ ጥርት ብሎ ከተነበበ ቀጥኗል። ከዚያ በ10 ሌንስ ከከቨር ስሊፑ አንድ ጥግ ተነስታችሁ፣ በሬ እንደሚያርስ እየተመላለሳችሁ፣ ሙሉውን እዩ። የተጠራጠራችሁትን በ40 አረጋግጡ። መብራቱን ቀንሱ፤ አይሪሱን ጠበብ፣ ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርጉ። ቀለም የሌለው የጊያርዲያ ሲስት (በቅርፊት የተሸፈነው የተሕዋሱ መልክ) በደማቅ ብርሃን ውስጥ እንደ መስታወት ሆኖ ያመልጣል። ብዙ «ኖ ኦፒ» የሚወለደው ከዚህ ከመብራቱ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ውሃ የመሰለ ሰገራ በወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ለስላሳው በ1 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ ጠጣሩ እስከ ቀኑ መጨረሻ ይታገሣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመጣ ተቅማጥ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ 5 ሰዓት ላይ ከታየ፣ የአሜባው ትሮፎዞይት ሞቶ ክብ ሆኗል፤ ከነጭ የደም ሕዋስ የሚለይበት መላ የለም። ስለዚህ ተራ በቁጥር መያዙ ቀርቶ ውሃማውና ደም ያለበት ይቅደም። ዕቃው ንጹሕ፣ ደረቅና ክዳን ያለው ይሁን። ሽንት ከገባበት ትሮፎዞይቱን ይገድለዋል፤ ከመሬት ከተዛቀ ደግሞ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ትሎች ተቀላቅለው ያሳስታሉ። ናሙናውን ስትነኩ ደም ወይም ንፍጥ ካለበት ቦታ ውሰዱ፤ ላዩን ብቻ አይታችሁ መሀሉን አትዝለሉ።

ስለ አሜባ ስናነሳ፣ ዝም ብለን የማናልፈው ጉዳይ አለ። በአገራችን «አሜባ አለብህ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሆድ በቁርጠት በተያዘ ቁጥር አሜባ፣ ከዚያ ሜትሮኒዳዞል! ግን ባለ 4 ኒውክለስ (አስኳል) ሲስት ያየ ሰው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ አየሁ ሊል አይችልም። በሽታ የማያመጣው ኢንታሚባ ዲስፓር ሲስቱ በማይክሮስኮፕ ፍጹም አንድ ነው። ሂስቶሊቲካ ብለን በእርግጠኝነት የምንጽፈው ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ትሮፎዞይት ስናይ ነው። ሲስት ብቻ ካያችሁ «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር ሲስት» ብላችሁ ጻፉ። ከ4 በላይ፣ እስከ 8 ኒውክለስ ያለው ኢንታሚባ ኮላይ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ ውስጥ የሚገኙት ማክሮፌጆችም (ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳት) መጠናቸው ከአሜባ ጋር ስለሚቀራረብ አልፎ አልፎም ቀይ ሕዋስ ስለሚውጡ ያታልላሉ። አሜባው ጥርት ያለ እግር ዘርግቶ ይሄዳል፤ ማክሮፌጁ ቦታው ላይ ነው። በስህተት «አሜባ» የተባለ፣ ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት ሕፃን የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል። ከመጠን በላይ ማየትም እንዳለማየት ይጎዳል።

ወደ ማጠራቀሚያ ዘዴው እንለፍ፤ ፎርሞል ኢተር። 2 ሚሊግራሙን ወደ 1 ግራም የሚያሳድግልን ይህ ነው። የአተር ፍሬ የሚያህል ሰገራ በ4 ሚሊሊትር 10 በመቶ ፎርሞል ውስጥ አሹት፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊሊትር ፎርሞል ጨምሩበትና አጥሉት። ያጠለላችሁትን ወደ ሴንትሪፊውጅ ቱቦ መልሳችሁ ከ3 እስከ 4 ሚሊሊትር ኢተር ጨምሩ። ከድናችሁ ለ1 ደቂቃ ናጡ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ ክፈቱ፤ ውስጡ ግፊት አለ። በደቂቃ 3,000 ዙር ለ1 ደቂቃ ካዞራችሁት 4 ድርብ ታያላችሁ፦ ከላይ ኢተር፣ ቀጥሎ የቆሻሻ ክዳን፣ ከዚያ ፎርሞል፣ ከታች ዝቃጩ። የምንፈልገው ዝቃጩን ነው። የቆሻሻውን ክዳን በእንጨት ከቱቦው ግድግዳ አላቅቃችሁ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ድፉ። ሳያላቅቁ የሚደፉ ሰዎች ቆሻሻው ከነስቡ ተመልሶ ዝቃጩ ላይ ይወድቅባቸዋል። ኢተር እሳት የሚያነሳ ነገር ነው፤ የስፒሪት መብራት ባለበት ክፍል አይከፈት። ከተገኘ ኤቲል አሲቴት ይተካዋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ፎርሞል ሁሉንም ስለሚገድል በዚህ ዘዴ የሚንቀሳቀስ ነገር አይፈለግም።

ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ የምትሠሩ፣ በጣና ዙሪያም ሆነ በመስኖ ቀበሌዎች፣ ካቶ ካትዝ የተባለው የእንቁላል መቁጠሪያ ዘዴ የየዕለት እንጀራችሁ ነው። የተለመደው ባለ ቀዳዳ ቅርጽ የሚይዘው 41.7 ሚሊግራም ነው፤ የቆጠራችሁትን በ24 ስታባዙት በአንድ ግራም ያለው የእንቁላል ቁጥር ይወጣል። 5 የማንሶኒ (የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል) እንቁላል ካያችሁ 120 ነው። እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሴሎፋኑ በግሊሰሮልና ማላካይት ግሪን ቢያንስ 24 ሰዓት መዘፍዘፍ አለበት። ድብልቁ 100 ሚሊሊትር ግሊሰሮል፣ 100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃና 1 ሚሊሊትር ባለ 3 በመቶ ማላካይት ግሪን ነው። ሰገራው በወንፊት ይጣራ፣ ቀዳዳው ጢም ብሎ ይሞላ፣ ከላይ በስፓቱላ ይላግ። ጎደሎ የተሞላ ቀዳዳ በ24 ሲባዛ ስህተቱም በ24 ይባዛል። ውሃ ለሆነ ሰገራ ግን ካቶ አይሠራም፤ ቀዳዳው ውስጥ አይቆምም።

የካቶ ትልቁ ወጥመድ ሁክዎርም ነው። ግሊሰሮሉ ቆሻሻውን እያጠራ ሲሄድ ስስ ቅርፊት ያለውን የሁክዎርም እንቁላልም ያጠራዋል፤ ከናካቴው ይጠፋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ካልተነበበ ሁክዎርም የለም ማለት አይቻልም። ጎን ላይ እሾህ ያለው የማንሶኒ እንቁላል ግን በማግስቱም ይነበባል፤ የወስፋትና የትሪኩሪስም (የጅራፍ ትል) እንዲሁ። ስለዚህ ዘመቻ ላይ ናሙናው ሁሉ ተዘጋጅቶ ማታ ይነበብ የሚል መርሐ ግብር ሁክዎርምን ከአካባቢው በወረቀት ያጠፋል። ከተነበቡት ቢያንስ 10 በመቶውን ሁለተኛ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ደግሞ ይቁጠር።

ካቶ የማያያቸውም አሉ። ፕሮቶዞዋ (ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስያንን) አያይም። ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን የአንጀት ትል አያይም፤ እሱ በሰገራ የሚወጣው በእጭነት እንጂ በእንቁላል አይደለምና። ለእሱ ቤርማን የተባለው ዘዴ ነው የሚሠራው፦ ሰገራውን በጎዝ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የላስቲክ ቱቦ በተቀጠለበት ፈነል ላይ፣ በሞቀ ውሃ ላይ አስቀምጡት፤ እጮቹ ወደ ሙቀቱ ወርደው ከታች ይጠራቀማሉ። ስቴሮይድ ሊጀምር ያለ ሕመምተኛ ይህ ምርመራ ቢቀርበት ትሉ በሰውነቱ ሁሉ ሊሰራጭና ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ናሙናው ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ግን ተጠንቀቁ፤ የሁክዎርም እንቁላል ይፈለፈላልና እጭ ማየት ብቻውን ስትሮንጂሎይድስ አያሰኝም። የአፉን ቀዳዳ እዩ፦ ረጅም ከሆነ ሁክዎርም፣ አጭር ከሆነ ስትሮንጂሎይድስ።

ኮሶ እንቁላሉ በሰገራ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው «ነጭ ቁርጥራጭ ወጣብኝ» ካለ ቁርጥራጩን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ፊንጢጣን ለሚያሳክከው ኢንተሮቢየስ ትል ደግሞ ጠዋት ሳይታጠቡ ፊንጢጣ ዙሪያ የሚለጠፍ ግልጽ ቴፕ ይበቃል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ በሞዲፋይድ ዚል ኒልሰን ማቅለሚያ ካልቀባችሁ አይታይም፤ ኤችአይቪ ላለበት ተቅማጥ በሽተኛ ሐኪሙ ባይጠይቅም እናንተ ጠይቁት።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይጨመር፦ ዘዴው፣ የሰገራው ዓይነት፣ ከወጣ ስንት ሰዓት እንደሆነው። «ውሃማ፣ 20 ደቂቃ፣ ቀጥታ ምርመራ፣ አልታየም» እና «ጠጣር፣ 5 ሰዓት፣ ቀጥታ ምርመራ፣ አልታየም» ለሐኪሙ አንድ ዓይነት ዜና አይደሉም። ሁለተኛውን ያነበበ ሐኪም በ2 ወይም 3 ቀን ልዩነት ሌላ ናሙና ይጠይቃል።

የተግባር ልምምዱ ስላይዶች የተዘጋጁት ይህ ንግግር ሲጀመር ነው። ሁክዎርም ያለባቸው በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ከእነሱ እንጀምር።